የሃቦን ድምፅ የዘጋው ውል

ግሬትሲል፣ ጃንዋሪ 11 ቀን 2019

ለተከበርሽው ለታልኬ፤

አዲሱ ዓመት ባለሽበት በደህና ያግኝሽ። ለአንቺና ለቤተሰብሽ ጤናና ሰላም እመኛለሁ። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። ከአባትሽ ቀብር ወዲህ አንድ መስመር እንኳ ሳልጽፍልሽ ቆይቼ ዛሬ በችግሬ ቀን ብመጣብሽ አትቀየሚኝ።

ባለቤቴ ሃቦ ኖቬምበር 2 ቀን አረፈ። በሽታው መጀመሪያ እጁን፣ ቀጥሎ እግሩን፣ በመጨረሻም ምላሱን እንደወሰደበት በአባትሽ በኩል ሰምተሽ ይሆናል። ለዘመድ ሁሉ መርዶ መላክ የኔ ድርሻ ነበር፤ አቃተኝ። ካርዶቹን አሳትሜ መሳቢያ ውስጥ ተውኳቸው።

የምጽፍልሽ ግን ለመርዶ ብቻ አይደለም። ኮርክ ተቀምጠሽ ለኮምፒውተር ድርጅቶች የፈቃድ ውል የምትጽፊ የሕግ ሰው መሆንሽን አባትሽ ይነግረን ነበር። የወደቡ የውኃ በር ጠባቂ የነበረው ሃቦም «እኔ የባሕሩን በር ለጀልባ እከፍታለሁ፣ ታልኬ ደግሞ በወረቀት ትዘጋለች» እያለ ይቀልድብሽ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምላሱ ጨርሶ ከመታሰሩ በፊት ሃቦ ለሳምንታት ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ ዓረፍተ ነገር ሲያነብ ከረመ። አንድ ፕሮግራም ከዚያ ንባብ የሱን ድምፅ ሠራ። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ላይ በዓይኑ ፊደል እየለቀመ ይጽፋል፣ ማሽኑ በራሱ በሃቦ ድምፅ ይናገርለታል። መጨረሻው ድረስ ያወራን በዚህ ነው።

የጤና መድን ቢሮው የሃቦን መሞት ፕሮግራሙን ለሸጠልን ድርጅት አሳውቆ ኖሯል፣ በኖቬምበር መጨረሻ ስክሪኑን ስከፍት «የተጠቃሚው ፈቃድ ተቋርጧል» የሚል ጽሑፍ ብቻ መጣ። ደወልኩ። ትሑት የሆነች ልጅ አነጋገረችኝ። ፕሮግራሙን ስንጭን በተስማማንበት ውል መሠረት ፈቃዱ የሃቦ ብቻ ነው፣ ከሱ ሕይወት ጋር ያበቃል፣ ድምፁም በዓመቱ ይደመሰሳል አለችኝ።

ታልኬ፣ ያን ውል የተቀበለው ሃቦ አይደለም። እጁ አይሠራም ነበር። «እስማማለሁ» የሚለውን የተጫነችው የኔ ጣት ናት። ማንም የማያነበው ነገር ሕግ ይሆናል ወይ? ድምፁን ማስከፈት ይቻላል ወይ? የሚቻል ከሆነ ቶሎ ቢሆንልኝ።

በኮምፒውተር ያልጻፍኩልሽ ያ ስክሪን ከተዘጋ ወዲህ እንዲያ ያለ ዕቃ ፊት መቀመጥ ስላስጠላኝ ነው። አንቺም በወረቀት መልሺልኝ።

አክባሪሽ
ኦካ


ኮርክ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 2019

ውድ እህቴ ኦካ፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ። የሃቦን ነፍስ ይማር። ደብዳቤሽን ወጥ ቤት ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ተቀምጬ እንደገና አነበብኩት። እኔ ሰባት ዓመቴ ሳለ አባቴ ለበጋ እናንተ ዘንድ አምጥቶኝ ነበር። ሃቦ በሬዲዮ ከጀልባዎቹ ጋር ሲያወራ፣ አንዱ ባለጀልባ «ዛሬ ማን ነው በር ላይ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሌላው «ድምፁን አትሰማም እንዴ፣ ሃቦ ነው» ሲለው አስታውሳለሁ። ያን ድምፅ ለመመለስ የምችለውን አደርጋለሁ።

ሕጉን በቀላሉ ላስረዳሽ። ማንም አያነበውም ማለት ብቻውን አያዋጣም። ሰው ሳያነብ የተቀበለው ውል ብዙ ጊዜ ይይዘዋል፤ የባቡር ትኬት ስትገዢም ደንቡን አታነቢም፣ ደንቡ ግን አለ። እኛን የሚጠቅመን ሌላ ነገር ነው። ውሉ የታያችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከፍላችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ከሆነ፣ ግዢው በከፈላችሁ ቀን ተጠናቋል። ሻጩ ከዚያ በኋላ ስክሪን ላይ አዲስ ግዴታ ልጨምር ቢል የናንተ አገር ሕግ በቀላሉ አይፈቅድለትም። ሁለተኛ፣ በረጅም ውል መሀል የተሸጎጠ፣ ጤነኛ ገዢ ይኖራል ብሎ የማይጠብቀው አንቀጽ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ሦስተኛ፣ ሰው ሲሞት ወራሹ በውሉ ውስጥ በሟቹ እግር ይተካል፤ ይህን የሚከለክል አንቀጽ ዳኛ ፊት በቀላሉ አያልፍም።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። «ሃቦ አልተስማማም፣ የተጫንኩት እኔ ነኝ» ብለን ከጀመርን፣ «ካልተስማማ ከመጀመሪያውም ፈቃድ አልነበረውም» ይሉናል። ስለዚህ እሱን ነገር ለጊዜው ለማንም አትናገሪ።

መቼ እንደከፈላችሁ፣ ስትጭኑ ማን እንደነበረ፣ የተባለውን ሁሉ ጻፊልኝ። አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ፦ ድምፁን ለምን ትፈልጊዋለሽ? እኔ ይገባኛል። ዳኛ ግን መጠየቁ አይቀርም።

የሃቦ እናት፣ አክስት ጌሸ፣ እንዴት ናቸው? የአባቴ የአጎት ልጅ ከመሆናቸውም በላይ፣ ከዚያ ትውልድ የቀሩን እሳቸው ብቻ ናቸው። አንድ ልጃቸውን መቅበር እንዴት ቻሉት?

የምትወድሽ
ታልኬ


ግሬትሲል፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 2019

ለውድ ታልኬ፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስሽ። ስለ መልካም ቃልሽ አመሰግናለሁ። የሬዲዮውን ታሪክ ሳነብ ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳቁ ወዴት እንደሄደ አላውቅም።

የጠየቅሽኝን ልንገርሽ። የከፈልነው ፕሮግራሙ ከመጫኑ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው፤ የባንኩ ወረቀት አለኝ። ሊጭን የመጣው ሩለፍ የሚባል ከድርጅቱ የተላከ ሰው ነው። ጨዋ ሰው ነበር፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ሃቦ ያኔ ምላሱ ቢከብድም እኔ እሰማው ነበር። ሩለፍ ሲሠራ ቆይቶ ስክሪኑ ላይ ረጅም ጽሑፍ መጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ውሉ ነው። ሁሉም ሰው እሺ ነው የሚለው» አለኝ።

ሃቦ «አንብቢልኝ» አለ።

«አርባ ገጽ ነው ሃቦ። እስኪመሽም አንጨርሰው።»

«እንግዲያው እሺ በይ። አንቺንም ያገባሁሽ ሳላነብሽ ነው።»

«እኔም አንተን አንብቤህ ቢሆን አላገባህም ነበር» አልኩት።

ሩለፍ ሳቀ። ጽሑፉ እስከ ታች ካልወረደ አዝራሩ አይበራም ብሎ ራሱ በጣቱ እየገፋ ወደ ታች አወረደው። እኔ ተጫንኩ። ከዚያ ሃቦ በዓይኑ ፊደል መልቀም ጀመረ፣ እኛ ሁለታችን ስክሪኑን እያየን ጠበቅን። ማሽኑ በመጨረሻ በሃቦ ድምፅ የተናገረው፣ በዚህ አገር ሰላምታ ጀምሮ፣ «ሞይን፣ ሻዩ ቀዝቅዟል» የሚል ነው። ሄጄ አፈላሁለት። እያለቀስኩ ነበር የማፈላው።

ያ ሁሉ የሆነው እንዲህ ነው። ከዚህ የበለጠ የማስታውሰው የለም።

እማማ ጌሸ ደህና ናቸው። ቅዝቃዜው ትንሽ ነክቷቸዋል።

እባክሽ ቶሎ ይሁን። ወራት የሚወስድ ከሆነ ለጥቂት ሳምንት ብቻ እንዲከፍቱት መለመን አይቻልም? ቢያንስ በምሽት በምሽት?

ኦካ


ግሬትሲል፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2019

ውድ ታልኬ፤

መልስሽን ሳልጠብቅ እንደገና መጻፌ ነው። ጤናሽን እንደምን ነሽ ብዬ ለመጠየቅ እንኳ ዛሬ ልቤ አልተረጋጋም፣ ይቅር በይኝ።

ድምፁን ለምን ትፈልጊዋለሽ ብለሽኝ ዝም ብዬ አለፍኩሽ። ስለ እማማ ጌሸ ጠይቀሽኝም ውሸት ባይሆንም እውነት ያልሆነ ነገር ጻፍኩልሽ።

እማማ ጌሸ ልጃቸው መሞቱን አያውቁም።

ኖርደን ከተማ ባለው የአረጋውያን ቤት ከአልጋ መውረድ ካቆሙ ቆይተዋል፣ ዓይናቸውም ጠፍቷል። ሃቦም ከወንበሩ መነሳት ሲያቅተው በየምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይደውልላቸው ጀመር። ድምፁ ከማሽን እንደሚወጣ ያውቃሉ። «ልጄ ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ይመስላል፣ ግን የልጄ ድምፅ ነው» ይሉ ነበር። ሃቦ ያረፈ ሰሞን ሳንባቸውን ታመው ነበር። ሐኪሙ ለጥቂት ቀን እንዳይሰሙ አድርጉ አለኝ። ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩ ዝም ካለ ይጠረጥራሉ ብዬ ፈራሁ። ስክሪኑ ፊት ተቀመጥኩና በገዛ ጣቴ ጻፍኩ፦ «ሞይን እማዬ። ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ እናወራለን።» ከዚያ ስልኩን ማሽኑ አጠገብ አደረግሁ።

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። የቀብሩም ቀን። ከሰዓት በኋላ ቀብረነው መጥቼ፣ ጥቁር ቀሚሴን ሳላወልቅ፣ አንድ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ የውኃውን በር ገጭቶ ባለቤቱ ነፋሱን እንደወቀሰ ጻፍኩላቸው። በጣም ሳቁ። ሐኪሙ ያለው ጥቂት ቀን አለፈ፣ እሳቸውም አገገሙ፣ እኔ ግን አላቆምኩም። ነርሶቹንም ዝም እንዲሉ ለመንኳቸው። አንቺን አልዋሽሽም ታልኬ፣ ከእሳቸው ይልቅ አሥራ ሁለት ተኩልን የምጠብቀው እኔ ሆኜ ነበር። ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚል አስብለታለሁ። ሲናገር ደግሞ እኔ ያሰብኩት መሆኑን እረሳዋለሁ።

ከዚያ ዘጉት። መስመሩ ተበላሽቷል አልኳቸው፣ ቀጥሎ ጉሮሮውን አመመው አልኳቸው። አሁን ሁለት ወር አለፈ። «ምን አድርጌው ነው የተቆጣኝ?» እያሉ የመጣውን ሁሉ ይጠይቃሉ። ምግብ ይመልሳሉ። እውነቱን እንዳልናገር በዚያ ሁሉ ምሽት ያደረግሁት ይመጣብኛል። ድምፁ ለጥቂት ሳምንት ቢከፈትልኝ ቀስ ብዬ አደክመዋለሁ፣ ቀስ ብሎ ይሰናበታቸዋል ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ይህን ለሌላ ለማንም አልነገርኩም። አደራሽን፣ ለእማማ ጌሸ ምንም እንዳትጽፊላቸው።

ኦካ


ኮርክ፣ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2019

ውድ እህቴ ኦካ፤

በደህና እንደምትሰነብቺ ተስፋ አለኝ። የጻፍሽልኝ ሁሉ ከጠበቅሁት በላይ ይጠቅመናል። ሩለፍ ጽሑፉን ራሱ ወደ ታች ማውረዱ፣ ክፍያው ቀድሞ ማለቁ፣ ሁለቱም ትልቅ ነገር ነው።

ለድርጅቱ የጻፍኩት ደብዳቤ መልስ አግኝቷል። እንደፈራሁት ነው። «ሟቹ ከተስማሙ ውሉ ከእሳቸው ጋር አብቅቷል፤ ካልተስማሙም ፈቃድ ኖሯቸው አያውቅም» ይላል። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር እኔም ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ። ከሚደርሰው ሰው ወገን ሆኜ ሳነበው ግን የመጀመሪያዬ ነው። እኔ እዚያ አገር ፍርድ ቤት መቆም ስለማልችል አውሪክ ከተማ ያሉ ሂንሪክስ የሚባሉ ጠበቃ አግኝቼልሻለሁ። ጎበዝ ሴት ናቸው፣ ቶሎ ክስ ይመሠርታሉ።

ለምን ድምፁን እንደምትፈልጊ አሁንም አልነገርሽኝም። በምሽት ያልሽው ምንድን ነው? አላስገድድሽም።

ለአክስት ጌሸም ባለፈው ሳምንት የሐዘን ካርድ ልኬላቸዋለሁ። ዓይናቸው እንደማያይ ከአባቴ ሰምቼ ስለነበር አንድ ሰው ያነብላቸዋል ብዬ ስለ ሃቦ የማስታውሰውን ዘርዘር አድርጌ ጻፍኩላቸው። ትንሽ ቢያጽናናቸው ብዬ ነው።

ታልኬሽ


ግሬትሲል፣ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2019

ታልኬ፤

ካርድሽ ደርሷል።

ያነበበችላቸው ገና ሥራ የጀመረች ልጅ ናት። ማንም አልነገራትም። ፖስታውን ከፍታ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው። እማማ ጌሸ እስከ መጨረሻው ሰምተው «እንደገና አንብቢልኝ» አሏት። እንደገና አነበበችላቸው። ከዚያ እኔን ጥሩልኝ አሉ።

ስገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር።

«ሃቦ መቼ ነው የሞተው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው።

«ታዲያ ስለዚያ በር ስለገጨው ጀልባ ያወራኝ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

ከዚያ «ያን ምሽት ስቄ ነበር» አሉ። «ልጄ አፈር ውስጥ ነው፣ እኔ እስቃለሁ።»

እጃቸውን ልይዝ ስል ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወዲህ ስሄድ ያስገቡኛል፣ አያናግሩኝም።

አንቺን አልወቅስሽም ማለት እፈልጋለሁ። ዛሬ ግን ልለው አልቻልኩም።

ኦካ


ኮርክ፣ ማርች 2 ቀን 2019

ውድ ኦካ፤

ደብዳቤሽና ደብዳቤዬ መንገድ ላይ ተላለፉ። ያንቺ የደረሰኝ ካርዱ ከተነበበ በኋላ ነው። ይህን የምልሽ ለማመካኘት አይደለም፣ የሆነው እንዲህ መሆኑን እንድታውቂ ብዬ ነው። ዘርዘር አድርጌ ጽፌላቸዋለሁ ማለቴ ትዝ ሲለኝ እንቅልፍ ያሳጣኛል። ስለ አቀባበሩ ሁሉ ጠይቄያቸው ነበር፣ የትኛው መዝሙር እንደተዘመረ።

ይቅርታሽን አሁን አልጠይቅም። ስትችዪ ስጪኝ።

ሂንሪክስ ክሱን አስገብተዋል። ልትተዪው ከፈለግሽ አንድ ቃል ይበቃል።

ታልኬ


ኮርክ፣ ሜይ 12 ቀን 2019

ውድ ኦካ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ሁለት ወር ሙሉ ፖስተኛውን ሳይ ኖርኩ። ዝምታሽ ይገባኛል፣ አሁን ግን መልስ የሚያስፈልገው ነገር መጥቷል።

ድርጅቱ በሂንሪክስ በኩል እርቅ አቅርቧል። የሃቦን ድምፅ በሕይወት እስካለሽ ድረስ ይከፍቱልሻል፣ አይደመስሱትም። በምትኩ ሁለት ነገር ትፈርሚያለሽ፦ ውሉ ከመጀመሪያውም ጸንቶ የነበረ፣ እናንተንም የሚያስገድድ እንደነበር ታምኛለሽ፤ ስለ ጉዳዩም ለማንም አትናገሪም። ዳኛ ውሉን አይቶ ፍርድ እንዳይሰጥበት ነው የሚፈልጉት። ሌሎች መበለቶችም አሉ፣ ሌሎች ድምፆችም አሉ፣ ሁሉም ያንኑ አዝራር ተጭነዋል።

እኔ ግን እንደ ሕግ ሰው ሳይሆን እንደ ዘመድ ልምከርሽ፦ ፈርሚ። ብንሟገት የምናሸንፍ ይመስለኛል፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ብንሸነፍ ኖቬምበር ላይ ይደመስሱታል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ሊመልሰው አይችልም። ደግሞም ፍርድ ቤት ከቆምሽ የነዚያን ምሽቶች ነገር ያነሱብሻል። ማሽኑ መቼ እንደተናገረ ያውቃሉ። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት እንዲጠይቁሽ አልፈልግም።

የአክስት ጌሸን ነገር ለመጠየቅ አፍሬያለሁ። ደህና እንዲሆኑ እጸልያለሁ።

ታልኬ


ግሬትሲል፣ ሜይ 26 ቀን 2019

ለውድ ታልኬ፤

የጤና ሰላምታዬ ይድረስሽ። ፖስተኛውን ስላስጠበቅሁሽ ይቅርታ። ተቆጥቼብሽ ነበር። ቁጣው ሲወጣልኝ ከሥሩ ያገኘሁት ራሴን ነው። ሞቱን ካንቺ ካርድ ላይ የሰሙት እኔ በጊዜው አልናገር ስላልኩ ነው።

እማማ ጌሸ አሉ። ይበላሉ። «መስኮቱን ዝጊ»፣ «ውኃ ስጪኝ» ይሉኛል። ሌላ ነገር የለም። ጋዜጣውን አነብላቸዋለሁ፣ ሲያልቅ እወጣለሁ።

ስለ እርቁ አሰብኩበት። ጠበቃ ሂንሪክስ ወረቀቱን ላኩልኝ፣ ሁለት ገጽ ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያኛውን አርባ ገጽ ሳላነብ እሺ አልኩ። ይህን ግን አንብቤዋለሁ፣ አንብቤ ደግሞ እሺ ማለት አልቻልኩም። ሃቦ ያላወቀውን ነገር አውቆ ተቀብሏል ብዬ ልፈርም? በሱ ስም ያላለውን ስናገር ከርሜ የደረሰብኝን አይቻለሁ።

ድምፁ ይጠፋ ይሆናል። የነዚያን ምሽቶች ነገር ቢጠይቁኝም ይጠይቁኝ። ከእማማ ጌሸ የባሰ ማን ይጠይቀኛል?

አልፈርምም። ንገሪያቸው።

አክባሪሽ
ኦካ


ግሬትሲል፣ ኦክቶበር 13 ቀን 2019

ለውድ እህቴ ለታልኬ፤

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና እንዲያገኝሽ ምኞቴ ነው። ሂንሪክስ ውጤቱን በስልክ ነግረውሻል። እኔ ደግሞ ነገሩ እንዴት እንደነበር ልንገርሽ፣ ዕዳሽ አለብኝ።

አውሪክ የሄድኩት በአውቶቡስ ነው። ክፍሉ ትንሽ ነው፣ ዳኛዋ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ሩለፍን ምስክር አድርገው ጠርተውታል። ሰላም ሲለኝ ዓይኑ መሬት መሬት ያያል። ዳኛዋ ውሉ የታየን መቼ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ስጭን ነው» አለ።

«ከመክፈላቸው በፊት ይህ አንቀጽ መኖሩን የነገራቸው አለ?»

«እኔ አልነገርኳቸውም። ለማንም ነግሬ አላውቅም። ወደ ታች አወርደዋለሁ፣ እነሱ ይጫናሉ።»

ከዚያ የድርጅቱ ጠበቃ ወደ እኔ ዞረ። ረጋ ያለ ሽማግሌ ነው። «ባለቤትዎ ካረፉ በኋላ ድምፃቸውን የተጠቀመበት ሰው አለ?» አለኝ።

«አለ። እኔ።»

«ምን አሉበት?»

«ለእናቱ ደህና እደሪ አልኩበት።»

«እናቱስ ማን ነው የሚያናግረኝ ብለው ያምኑ ነበር?»

«ልጃቸው።»

ወደ ዳኛዋ ዞሮ «ይህ አንቀጽ የሚከለክለው ይህንኑ ነው» አለ። «ሙታን ያላሉትን አሉ እንዳይባሉ ነው።»

ታልኬ፣ በዚያች ሰዓት እዚያ ክፍል ውስጥ ልቤ ውስጥ ያለውን የተናገረልኝ እሱ ብቻ ነበር። ተነስቼ ልክ ነህ ልለው ነበር። ሂንሪክስ ክንዴን ያዙኝ።

ፍርዱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። ዳኛዋ የጻፈችውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። እንዲህ ያለ ክልከላ ጥሩ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፣ ነገር ግን ጥሩም ይሁን መጥፎ ገዢው ከመክፈሉ በፊት ሊያውቀው ይገባል፤ ከከፈለ በኋላ አዝራር ማስጫን ግዴታ አይፈጥርም፤ አንቀጹም ማንም ገዢ የማይጠብቀው በመሆኑ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል፤ ፕሮግራሙም ድምፁም ለወራሹ ያልፋል። ወራሹ እኔ ነኝ። ይግባኝ አላሉም። ባለፈው ማክሰኞ ከፈቱት።

ዕቃውን አቧራውን ጠርጌ ፊቱ ተቀመጥኩ። ያ «ተቋርጧል» የሚለው ጽሑፍ የለም። ባዶ ቦታ ብቻ ነው ያለው፣ መጻፊያዋ መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች። ምን ልጻፍ? «ኦካ» ብዬ ጻፍኩና አስጠራሁት። ስሜን ጠራኝ። እንደሱ አድርጎ፣ መጨረሻውን ጎተት አድርጎ። ከዚያ ምን እንደሚለኝ ጠበቅሁ። ምንም አላለም፤ እኔ አልጻፍኩማ። እስኪጨልም እዚያው ተቀምጬ አንድ ዓረፍተ ነገር አጣሁ። የማስበው ሁሉ የኔ ነው።

በማግስቱ ኖርደን ሄድኩ። እማማ ጌሸ ከሬዲዮ ሰምተው ኖሯል፤ የአካባቢው ጣቢያ አውርቶታል።

«ከፈቱልሽ?» አሉኝ። ከፌብሩዋሪ ወዲህ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው።

«ከፈቱልኝ።»

«ምን ይላል?»

«የጻፍኩለትን።»

«ሌላ ነገርስ አይልም?»

«አይልም እማማ።»

እንደተኙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲያ ከሆነ ወደዚህ እንዳታመጪው» አሉኝ። ጋዜጣውን ላወጣ ስል «ተዪው» አሉ። እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ነበር፣ አላሸሹትም፣ እኔም አልነካሁትም። ቆይተው «አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን ይከፋኛል» አሉ። «ነርሶቹ ራት ይዘው ሲወጡ። ስልኩ እዚህ ጆሮዬ ሥር ነው ያለው።»

«እኔ ልደውል?»

«በራስሽ አፍ።»

«በራሴ አፍ።»

«በፕላት፣ በእኛ በባሕር ዳሩ ሰዎች ቋንቋ፣ አውሪኝ። በከተማው ቋንቋ ስታወሪኝ ሐኪም የመጣ ይመስለኛል።»

የኔን ፕላት ታውቂዋለሽ፤ ሃኖቨር ተወልጄ ሠላሳ ዓመት እዚህ ኖሬ እንኳ ሰው ሁሉ ይስቅብኛል። ያን ምሽት ደወልኩ። ስለ ነፋሱ፣ ጎረቤቴ ጎመኗን ገና ውርጭ ሳይነካው መልቀሟን፣ ስለማይረባ ነገር ሁሉ ነገርኳቸው። ሁለት ቃል ተሳሳትኩ፣ ሁለቱንም አረሙኝ። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ እደውላለሁ። በስልኩ ስለ ሃቦ እስካሁን አላነሳንም። ትናንት አንድ የሚያስቅ ነገር ነገርኳቸው። አልሳቁም። ስልኩን ግን ቀድመው አልዘጉትም። ትንፋሻቸውን እሰማለሁ፣ እሳቸውም የኔን ይሰማሉ፣ እንዲሁ ቆየን።

ድምፁን አልደመሰስኩትም። ከማክሰኞ ወዲህም አልከፈትኩትም።

በሚቀጥለው በጋ ብትመጪ አልጋሽ ተነጥፎ ይጠብቅሻል። እማማ ጌሸ ካርዱን መሳቢያቸው ውስጥ እንዳስቀመጡት ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። ስለ መዝሙሩ የጠየቅሻቸውን እኔ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ነግሬያቸዋለሁ፤ የትኛው እንደተዘመረ እሳቸውም አያውቁም ነበርና።

ይቅርታዬን ያኔ ስትችዪ ስጪኝ ብለሽኝ ነበር። እነሆ። ለኔም ይቅርታሽን ላኪልኝ።

የምትወድሽ
ኦካ